ግማሽ መሰላል

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከጉዲሳ ጋራ፣
አንድ መሰላል ይዘን፣ አንድ የታፔላ ሥራ።
ፒያሳን ጽፈናል ከላይ እስከ ታቹ፣
የወርቅ ቤት ስሞች፣ የጥርስ ነቃዮቹ፣
ኬክ ቤት፣ ጠበቃ፣ ፎቶ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፤
እሱ ቀለም በጥባጭ፣ እኔ ፊደል ጸሐፊ።
ቢጫ ሲበጠብጥ እንደ እንቁላል መትቶ
«ቅመሰው» ይለኛል ዱላውን አውጥቶ።
በኋላ ደንበኛ በቁቤም ሲያዘኝ፣
«ሲረዝም ሁለቴ ጻፍ» እያለ አረመኝ።

መሰላሉ ብረት፣ ባለ ሁለት ክፋይ፣
አንዱ ባንዱ ገብቶ የሚያደርስ ከላይ።
ታችኛው የሱ ነው፣ ላይኛውም የኔ፤
እኩል አዋጥተን ነው የገዛነው ያኔ።

ከዚያ ያ መስከረም፣ ጭቃው ያልደረቀ፣
ልጅ ሁሉ ባንድ ሌሊት ቀለም የታጠቀ።
የመንገዱን ጠርዝ፣ የመብራቱን እንጨት
አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀቡት በሌሊት።
ኮከብ የለበትም። «ኮከቡስ?» ያለ ሰው
ጥያቄው ሳያልቅ ነው ቡጢ የቀመሰው።

ናሁሠናይ መጣ፣ የጎረቤቴ ልጅ፤
«መስመርህ ቀጥ ያለ፣ ወርቅ ነው ያንተ እጅ።»
ሄድኩኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበረ፤
አባቴ በዚያ ጨርቅ ነው የተቀበረ።

ቀና ስል፣ ከማዶ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ፣
ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ አለ። ተንበርክኳል እዚያ።
ፊቱን ሳላይ ነበር በእጁ የለየሁት፤
ነጩን እንደ እንቁላል ሲመታው አየሁት።
ወንድሙ ለዚያ ጨርቅ ታስሮ ነበር ድሮ፤
ለፋሲካ እኔ ነኝ ያደረስኩት ዶሮ።
ይህን ሁሉ አውቃለሁ።
                    አውቄም አልጠራሁት።
እሱም አየኝና ጎንበስ አለ።
                    ተውኩት።

ድንጋይ ከየት መጣ? «ከነሱ» ይባላል፤
በማዶም እንዲሁ፣ «ከነሱ» ይባላል።
ጣሳዬ ተረግጦ ቢጫው ቦይ ለቦይ
ወረደ ቁልቁለት። ናሁሠናይስ? ወይ!
ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ደሙን በክንዱ
ጠርጎ ይስቅ ነበር፤ ይህ ነው የልጅ ጉዱ።

በሳምንቱ ወረዳው አስጠራን ለሥራ፣
ሁለታችንንም፣ በየግል፣ በተራ።
«ግራጫ ይሁን ሁሉም፤ በካሬ ነው ሂሳቡ፤
ዛሬ ማታ ይለቅ፤ ደረሰኝ አቅርቡ።»
እሱ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ ጀመርን፤
አደባባዩ ጋ ጀርባ ለጀርባ ደረስን።
ግራጫው አንድ ነው፣ ካንድ በርሜል ቀዳን፤
ቃል አልተነፈስንም። ብር ተቀበልን።

«መሰላሉስ?» አልኩት። «ድርሻዬን» አለና
ታችኛውን መዞ ወረደ ቀበና።

አሁን ያ ፒያሳ የለም። የጻፍናቸው ስሞች
ከነግድግዳቸው ሄዱ በገልባጮች።
ጠርዙም ሲነቀል እዚያው ቆሜ ነበር፤
ሰው ያልፋል፣ እኔ ግን አጎንብሼ አፈር
ስቆፍር፣ አገኘሁ ከጥፍር ያነሰች
የቀለም ቅርፊት፣ ድንጋይ ላይ የቀረች።
በጎኗ ቆጠርኩኝ፦ ግራጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣
አረንጓዴ፣ ደግሞ አሮጌ ግራጫ፣
ከሱም ሥር ሌላ ቀይ፣ እኔ የማላውቀው፣
በሌላ ሰው ብሩሽ፣ በሌላ ሰው ዕድሜ የደረቀው።
የማን ዘመን ይሆን? ማንን አስደበደበ?
ማንስ «ይጥፋ» ብሎ ሂሳብ አወራረደበ—
አይ፣ ግጥሙም ከበደኝ። ቅርፊቷን ኪሴ ከተትኳት፤
ማታ ልብስ ስታጥብ ሚስቴ «ምንድን ናት?»
ብላ ወረወረቻት።

የኔን ግማሽ አሁን ልብስ ታሰጣበታለች፤
እንኳን ፎቅ፣ ቆርቆሮ አትነካም፣ አጭር ነች።
ትናንት ሥራ መጣ፣ ለገሃር፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ሰውዬው «መሰላል አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ
«አለኝ» አልኩ።
              ዋሸሁ። ደግሞም አልዋሸሁም።
ስልኬ ላይ «ጉዲሳ ቀለም» ይላል።
              አልደወልኩም።